የዩቪ ሙጫ አልይዝ ሲል፦ ከምልክቱ ተነስቶ መንስኤውን ማግኘት

በዩቪ ሙጫ፣ ማለትም የአልትራቫዮሌት (ዩቪ) ላምፕ ሲበራበት በሚደርቅ ሙጫ፣ ሾኬዝ፣ የመስታወት ጠረጴዛ፣ የክሪስታል ሽልማት የምትሰሩ ሰዎች ዕቃው ሲላቀቅባችሁ መጀመሪያ የምትሉት "ሙጫው ፎርጅድ ነው" ነው። ሊሆን ይችላል፣ ጊዜው ያለፈበት ሙጫም ይኖራል። ግን እኔ እንደማየው አብዛኛው ችግር ወይ ብርሃኑ ሙጫው ጋ ሳይደርስ ቀርቶ ነው፣ ወይ የመስታወቱ ፊት ቆሻሻ ሆኖ ነው። ሁለቱን ለመለየት ደግሞ መገመት አያስፈልግም፣ የተላቀቀው ቦታ ራሱ ይናገራል። ስለዚህ እባካችሁ ቶሎ ብላችሁ በምላጭ ፍቃችሁ አታጽዱት፣ መጀመሪያ ሁለቱንም ፊት ብርሃን ላይ አድርጋችሁ እዩ።

ሙጫው ሙሉ በሙሉ አንዱ ፊት ላይ ቀርቶ ሌላኛው ባዶውን ከሆነ ችግሩ ያ ባዶው ፊት ነው፣ አልጸዳም ወይም እርጥበት ነበረበት። ሙጫው መሃሉ ላይ ተቀዶ ሁለቱም ፊት ላይ ካለና ሲነካ ለስላሳ ወይም ፈሳሽ ከሆነ ብርሃን አላገኘም። ከሙጫው ጋር የመስታወት ቅርፊት ተገንጥሎ ከወጣ ደግሞ ሙጫው ስራውን ሰርቷል፣ ጥፋቱን ክብደቱ ወይም ሙቀቱ ጋ ፈልጉ።

ጭራሽ አልደረቀም፣ ወይም ዳሩ ደርቆ መሃሉ ፈሳሽ ነው

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚያደርገው ሰዓት መጨመር ነው፣ 1 ደቂቃ የነበረውን 10 ደቂቃ ያደርጋል፣ ግን ብርሃኑ መንገድ ላይ ከተዘጋ አንድ ሰዓትም ብታበሩት ለውጥ የለም። ቀላል ሙከራ አለ። ሁለት ቁርጥራጭ ተራ መስታወት ላይ አንዳንድ ጠብታ ሙጫ አድርጉ፣ አንዱን ላምፑን በቀጥታ አብሩበት፣ ሌላውን ግን ስራው ላይ የምትጠቀሙበትን መስታወት ከላይ ጋርዳችሁ አብሩበት፣ ርቀቱና ሰዓቱ እኩል ይሁን። በቀጥታ የበራበት ደርቆ የተጋረደው ካልደረቀ መስታወታችሁ ብርሃኑን እየዋጠው ነው። ሁለቱም ካልደረቁ ላምፑ ወይ ሙጫው ነው። ሁለቱም ከደረቁ ግን ስራው ላይ ያለው ርቀት ወይ ሰዓት ነው የተበላሸው።

ብርሃን የሚውጠው ማነው ካላችሁ በዋናነት ላሚኔትድ መስታወት፣ ማለትም ሁለት መስታወት መሃሉ ላይ ፕላስቲክ ገብቶበት የተጣበቀው ነው። ያ ፕላስቲክ ከ380 ናኖሜትር (የብርሃን ሞገድ ርዝመት መለኪያ ነው) ገደማ በታች ያለውን ዩቪ ያስቀረዋል፣ ላምፓችሁ ደግሞ 365 ከሆነ ምንም አያልፍም ማለት ይቻላል። ፖሊካርቦኔት የሚባለው ግልጽ ፕላስቲክም እንደዛው ነው፣ ደጅ ለሚቀመጥ ዕቃ ተብሎ የሚሰራው ፕሌክሲግላስም ዩቪ መከላከያ ይጨመርበታል። መፍትሄው በሚታየው ብርሃን፣ ማለትም 405 ናኖሜትር ላይ የሚደርቅ ሙጫና ለሱ የሚሆን ላምፕ መያዝ ነው። ሁለቱም በኩል ብርሃን የማያሳልፍ ከሆነ፣ ለምሳሌ ብረት ከብረት፣ የዩቪ ሙጫ ብቻውን አይሆንም፣ በሙቀት ወይም በአክቲቬተር (ሙጫውን በሚያደርቅ ተጨማሪ ኬሚካል) ጭምር የሚደርቅ ዓይነት ፈልጉ።

ላምፑስ? ሙጫው ላይ የተጻፈውን ናኖሜትርና ላምፑ ላይ ያለውን አስተያዩ፣ ካልገጠመ ብርቱ ኤልኢዲም ቢሆን አያደርቀውም። የሜርኩሪ ላምፕ ከሆነ ሰማያዊ መብራቱ እያለ ዩቪው እየደከመ ይሄዳል፣ አይን አያየውም፣ ብዙዎቹ ወደ 1000 ሰዓት ሲጠጉ መቀየር አለባቸው፣ ስለዚህ የሰራበትን ሰዓት መዝግቡ። ቮልቴጅ ሲወርድም ኃይሉ ይቀንሳል፣ ቀን ጥሩ የያዘው ስራ ማታ እምቢ የሚለው አንዱ በዚህ ምክንያት ነው፣ ስታቢላይዘር አድርጉ። አቅም ካላችሁ የላምፑን የብርሃን ኃይል የሚለካውን ራዲዮሜትር ግዙ። ሂሳቡ ቀላል ነው፣ 100 ሚሊዋት በካሬ ሴንቲሜትር የሚሰጥ ላምፕ 30 ሰከንድ ሲበራ ሙጫው የሚያገኘው ጉልበት በካሬ ሴንቲሜትር 3 ጁል ይሆናል፣ ላምፑ ወደ 50 ከወረደ ያንኑ 3 ጁል ለማግኘት 60 ሰከንድ ትፈልጋላችሁ።

ውስጡ ጠንካራ ነው፣ የተረፈው ዳር ዳር ግን ያጣብቃል

ይሄ ብዙ ሰው ያስደነግጣል ግን ጥንካሬውን አይነካም። አየር ውስጥ ያለው ኦክስጅን የላይኛውን ስስ ሽፋን እንዳይደርቅ ይከለክለዋል። ለጥቂት ሰከንድ አብርታችሁ ዕቃው ባለበት ሲቆም አጥፉ፣ የተረፈውን በምላጭና በአይሶፕሮፒል አልኮል አጽዱ፣ ከዛ ሙሉውን ሰዓት አብሩ። ከደረቀ በኋላ ማጽዳት በጣም አድካሚ ነው።

ደርቆ ነበር፣ ከወራት በኋላ ሙጫው እንደ ቅርፊት ተላጠ

ይሄኛው የሚያበሳጨው ዕቃው ደንበኛ ቤት ከገባ በኋላ ስለሚመጣ ነው፣ ሰው ሊጎዳም ይችላል። ብዙ ጊዜ መንስኤው በደንብ ያልጸዳ ፊት ነው። የመስታወት ማጽጃ ስፕሬይ አትጠቀሙ፣ ብዙው የሚያብለጨልጭ ስስ ነገር ትቶ ነው የሚሄደው። በአልኮል ወይም በአሴቶን አጽዱ፣ ጨርቁ አዲስ ይሁን፣ ፕሌክሲግላስ ከሆነ ግን አሴቶን ይሰነጥቀዋል። ንጹህነቱን ለማረጋገጥ ቁራጩ ላይ ውሃ አፍስሱ፣ ተንጣልሎ ከሸፈነው ንጹህ ነው፣ ጠብታ ጠብታ እየሆነ ከተሰበሰበ ቅባት አለ። ከዛ እርጥበቱ እንዲወጣ በፀጉር ማድረቂያ ሞቅ አድርጉት፣ ክረምት ላይ ይሄን አትዝለሉት።

ሌላው ብዙ ሰው የማያውቀው የቆርቆሮ (ቲን የሚባለው ብረት) ፊት ነው። ፍሎት መስታወት፣ ማለትም የተለመደው ጠፍጣፋ መስታወት፣ ሲሰራ በቀለጠ ቆርቆሮ ላይ ነው የሚንሳፈፈው፣ ስለዚህ አንዱ ፊቱ ላይ ትንሽ ቆርቆሮ ይቀራል፣ በዛ ፊት የተጣበቀ ነገር እርጥበት ሲያገኘው ቶሎ ይለቃል። 254 ናኖሜትር የሚያበራ ትንሽ መለያ መብራት አለ፣ ጨለማ ቦታ ስታበሩት የቆርቆሮው ፊት ወተት መስሎ ይታያል። አይናችሁን ሸፍኑ፣ ይሄ ብርሃን ያቃጥላል። በሌላኛው ፊት አጣብቁ።

ከብረት ጋር የተጣበቀው ተሰነጠቀ ወይም በአንድ ጫፍ ለቀቀ

አሉሚኒየም ሲሞቅ ከመስታወት ሁለት እጥፍ ተኩል ገደማ ይለጠጣል። ግማሽ ሜትር አሉሚኒየም መስታወት ላይ ብታጣብቁና ሙቀቱ በ30 ዲግሪ ቢጨምር የርዝመት ልዩነቱ ወደ 0.2 ሚሊሜትር ይመጣል፣ የሙጫው ውፍረት ደግሞ ብዙ ጊዜ 0.1 ነው፣ ጠጣር ሙጫ ይሄን አይችልም። ረጅም ብረት ከማጣበቅ አጫጭር ቁርጥራጮችን ለያይቶ ማጣበቅ፣ ወይም ከአሉሚኒየም ይልቅ ስቴንለስ መጠቀም፣ ካልሆነም የሚለጠጥ ዓይነት ሙጫ መግዛት ይሻላል። ቴምፐርድ (በሙቀት የተጠናከረ) መስታወት ላይ ደግሞ ፊቱ ትንሽ ማዕበል ስላለው ክፍተቱ እኩል አይሆንም፣ ቀጭኑን ሙጫ ትታችሁ ወፈር ያለውን ሞክሩ፣ በግድ በክላምፕ አስጠግታችሁ አታድርቁት፣ ክላምፑ ሲፈታ መስታወቱ ወደ ቦታው ሊመለስ ሲል ሙጫውን ይጎትተዋል።

አረፋ

ጠርሙሱን አታንቀጥቅጡት፣ ቆሞ እንዲያርፍ ተዉት፣ ሙጫውን መሃል ላይ አፍስሳችሁ መስታወቱን ከአንድ ጫፍ ቀስ ብላችሁ አውርዱ።

ሙጫው ጠርሙሱ ወይም ማፍሰሻ መርፌው ውስጥ ጠጠረ

የስራ ጠረጴዛችሁን ከመስኮት አርቁት። አዲስ አበባ ከ2300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ስለሆነች የፀሐይ ዩቪው ብርቱ ነው፣ በመስታወት በኩልም ይገባል። መርፌውና ቱቦው ጥቁር ወይም ቡናማ ይሁን። የተረፈ ሙጫ ወደ ጠርሙሱ አትመልሱ። ወደ ትንሽ ጠርሙስ ስትገለብጡም አፉ ድረስ አትሙሉት፣ ያው ዳሩን እንዳይደርቅ የከለከለው ኦክስጅን እዚህ ጋ ይጠቅማል፣ አየር ካጣ ሙጫው ጨለማ ውስጥም ሊጠጥር ይችላል። ስትነኩት ደግሞ የናይትራይል ጓንት አድርጉ፣ ቆዳ ላይ ደጋግሞ ሲያርፍ አለርጂ ያስይዛል፣ አንዴ ከያዛችሁ ደግሞ አይለቃችሁም።