የተተከለ ኩላሊት ሳይጎዳ እንዲቆይ እንዴት ማድረግ ይቻላል?

የተተከለ ኩላሊት መጎዳት ሲጀምር ብዙ ጊዜ አያምም። ሰውየው ደህና ነኝ ብሎ ሥራውን ሲሠራ ይውላል፤ ውስጥ ግን ሰውነቱ ኩላሊቱን እንደ ባዕድ ቆጥሮ ማጥቃት ጀምሯል። ሐኪሞች ሪጀክሽን ይሉታል። ስለዚህ «ሲያመኝ እሄዳለሁ» እዚህ ጋ አይሠራም።

1. መድኃኒቱን በሰዓቱ መውሰድ

እ.ኤ.አ. በ1954 ቦስተን ውስጥ የተሳካው የመጀመሪያው የኩላሊት ንቅለ ተከላ በተመሳሳይ መንትዮች መካከል ነበር። ሰውነት የመንትያውን ኩላሊት የራሱ አድርጎ ተቀበለው። እንዲህ ያለ መንትያ የሌለው ሰው ግን የሰውነቱን መከላከያ የሚያለዝብ መድኃኒት ኩላሊቱ እስካለ ድረስ ይወስዳል።

ብዙዎች የሚወስዱት ታክሮሊመስ ነው። በቀን ሁለቴ የሚወሰደው ዓይነት ከሆነ በየ12 ሰዓቱ ነው፤ ጠዋት 2 ሰዓት ከተወሰደ ማታም 2 ሰዓት። በቅርብ ዓመታት የወጡ ጥናቶች እንደሚያሳዩት፣ የመድኃኒቱ መጠን በደማቸው ውስጥ አንዴ ከፍ አንዴ ዝቅ የሚልባቸው ሰዎች ኩላሊታቸውን የማጣት ዕድላቸው ይጨምራል። አንዱ ምክንያት ክኒን መዝለል ነው። የስልክ ማስታወሻ ይሙሉ፤ በጭንቅላት መያዝ ለሁለት ሳምንት ነው የሚሠራው።

2. የመድኃኒቱ መጠን እንዲለካ ደም በሚሰጡበት ጠዋት ክኒኑን ኪስ ውስጥ ይዞ መሄድ

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው። ማልዶ ይነሳል፣ እንደ ልማዱ ክኒኑን ይውጣል፣ ከዚያ ላብራቶሪ ይሄዳል። ደሙ የሚቀዳው መድኃኒቱ ከፍ ባለበት ሰዓት ነው። ወረቀቱ ላይ ትልቅ ቁጥር ይመጣል፤ ሐኪሙ «በዝቷል» ብሎ ይቀንሳል። መጠኑ ግን ልክ ነበር፤ አሁን ነው ያነሰው።

የማታውን በ2 ሰዓት ከወሰዱ ደሙ ጠዋት 2 ሰዓት አካባቢ ይቀዳ። ክኒኑ ከዚያ በኋላ ይዋጣል። ሳያስቡት ውጠው ከሄዱ ደግሞ አይደብቁ፣ ይናገሩ።

3. ክሬቲኒንን ከራስ ቁጥር ጋር ማወዳደር

ክሬቲኒን ኩላሊት ከደም የሚያስወጣው ቆሻሻ ነው፤ ኩላሊት ሲዳከም በደም ውስጥ ይጨምራል። የላብራቶሪው ወረቀት «ኖርማል» ስላለ ብቻ አይረጋጉ። የእርስዎ የተለመደ ቁጥር 0.9 ሆኖ ዛሬ 1.2 ከመጣ፣ ወረቀቱ ላይ ምልክት ላይደረግበት ይችላል። ጭማሪው ግን አንድ ሦስተኛ ነው። ቁጥሮቹን ከነቀናቸው ደብተር ላይ ይጻፉ።

ሲጨምር ደግሞ መገመት አይገባም። ውሃ ማነስም ሊሆን ይችላል፣ ሪጀክሽንም፣ ቢኬ የሚባለው ቫይረስም። ቢኬ ብዙዎቻችንን በልጅነት ይይዝና ኩላሊት ውስጥ ተኝቶ ይቀመጣል፤ መከላከያ ሲዳከም ይነቃል። ጣጣው የሪጀክሽንና የቢኬ ሕክምና ተቃራኒ መሆኑ ነው። ለሪጀክሽን መከላከያን የሚያለዝበው መድኃኒት ይጠነክራል፣ ለቢኬ ይቀነሳል። ሐኪሙ ከኩላሊቱ ናሙና ልውሰድ የሚለው ለዚህ ነው። በ2024 የወጣው ዓለም አቀፍ የባለሙያዎች ምክር የቢኬ የደም ምርመራ እስከ 9ኛው ወር በየወሩ፣ ከዚያ እስከ 2 ዓመት በየ3 ወሩ እንዲደረግ ይላል። የእርስዎ መቼ እንደተሠራ ይጠይቁ።

ከተጎዳ የለጋሽ ኩላሊት ወደ ደም የሚገባውን ዲኤንኤ የሚለካ አዲስ ምርመራም አለ። ደስ የሚል ነገር ነው፤ ናሙና መውሰድን ግን ገና አልተካም።

4. ሌላ መድኃኒት ከመዋጥ በፊት መጠየቅ

አይቡፕሮፌንና ዳይክሎፌናክ የሚባሉት የሕመም ማስታገሻዎች ኩላሊትን ይጎዳሉ። ክላሪትሮማይሲን የሚባለው አንቲባዮቲክና ፍሉኮናዞል የሚባለው የፈንገስ መድኃኒት ታክሮሊመስን በደም ውስጥ ያበዛሉ፤ የቲቢ መድኃኒት የሆነው ሪፋምፒሲን በተቃራኒው ክፉኛ ያወርደዋል። ግሬፕፍሩትም ያበዛዋል። «የተፈጥሮ ነው፣ ምንም አያደርግም» የሚባል ቅጠል ሁሉ እዚሁ ውስጥ ይገባል።

ተቅማጥም ቀላል አይደለም። ውሃ ያሳጣል፣ ብዙ ጊዜም የታክሮሊመስን መጠን ከፍ ያደርጋል። ከአንድ ቀን ካለፈ ይደውሉ።

5. የቀሩት

ትኩሳት ካለ በዚያው ቀን ይደውሉ፤ ነገ አይባልም። የቆዳ ካንሰር ከሌላው ሰው ይልቅ ስለሚበዛ ከፀሐይ ይከለሉ። እንደ ኩፍኝና ቢጫ ወባ ያሉ ሕያው ክትባቶች (የተዳከመ ሕያው ጀርም ያለባቸው) አይወሰዱም፤ ክትባት ሰጪው ሳይጠይቅዎ በፊት ኩላሊት እንደተተከለልዎ ይንገሩት።