የሌዘር ሕክምና ለጉልበት ሕመምና ለማይድን ቁስል፦ ለድሬዳዋና ለሐረር ታካሚዎች የተዘጋጀ መመሪያ

በሐረር ጁገል አቀበታማ መተላለፊያዎች ዕድሜያቸውን ሙሉ ሲወጡና ሲወርዱ የኖሩ እናቶችም ሆኑ በድሬዳዋ ገበያ ጆንያ ተሸክመው የሚውሉ ሰዎች ጉልበታቸው ሲያስቸግራቸው፣ ሐኪም ወይም ፊዚዮቴራፒስት የሌዘር ሕክምና ሊያዝላቸው ይችላል። ይህ ሌዘር በቀዶ ሕክምና እንደምናውቀው የሚቆርጥና የሚያቃጥል አይደለም። ቀይ ብርሃን ወይም ለዓይን የማይታይ ኢንፍራሬድ ጨረር በትንሽ ኃይል ወደ ቆዳ የሚላክበት ሕክምና ነው። መነሻው የሃንጋሪው ሐኪም ኤንድሬ ሜሽተር በ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) መጨረሻ በቡዳፔስት ባደረጉት ሙከራ፣ ጀርባቸው የተላጨ አይጦች የሌዘር ብርሃን ሲያርፍባቸው ፀጉራቸው ቶሎ ሲበቅል ማየታቸው ነበር። ብርሃኑን በሴል ውስጥ የሚቀበለው በዋናነት የሴሉ ኃይል ማመንጫ በሆነው በማይቶኮንድሪያ የሚገኘው ሳይቶክሮም ሲ ኦክሲዴዝ የተባለው ኢንዛይም እንደሆነ ይታመናል፤ በዚህም ሴሉ የሚያመነጨው ኃይል ይጨምራል፣ ብግነትም ይቀንሳል።

ታካሚው ከሁሉ በፊት ሊያውቀው የሚገባው ግን ሌዘር እንደ ማንኛውም መድኃኒት በልክ የሚሰጥ መሆኑን ነው። ልኩ በጁል ይቆጠራል፤ ስሌቱም የመሣሪያውን ኃይል በዋት፣ ጊዜውን በሰከንድ ወስዶ ማባዛት ነው። ኃይሉ 100 ሚሊዋት (0.1 ዋት) የሆነ መሣሪያ በአንድ ነጥብ ላይ 40 ሰከንድ ቢቆይ 4 ጁል ይሰጣል፤ 200 ሚሊዋት ከሆነ 20 ሰከንድ ይበቃዋል። በዘርፉ የሚሠራው ዓለም አቀፍ ማኅበር ለጉልበት መገጣጠሚያ መድከም፣ የሞገድ ርዝመቱ ከ780 እስከ 860 ናኖሜትር በሆነ ጨረር፣ በእያንዳንዱ ነጥብ ቢያንስ 4 ጁል እንዲሰጥ ይመክራል። በ2019 እ.ኤ.አ. የታተመ የጥናቶች ግምገማም የተመከረው መጠን የተሰጣቸው ሰዎች ሕመማቸው እንደቀነሰ፣ ከዚያ ያነሰ መጠን ግን እንዳልጠቀመ አሳይቷል። ከመጠን በላይ መስጠትም ጥቅሙን ያጠፋዋል፤ ስለዚህ «ትንሽ ይጨመርልኝ» ማለት ተገቢ አይደለም። በእኔ እምነት «የሞገዱ ርዝመት ስንት ናኖሜትር ነው? በየነጥቡ ስንት ጁል ይሰጠኛል?» ብሎ መጠየቅ የታካሚ መብት ነው፤ ለዚህ ጥያቄ መልስ በማይሰጥበት ክፍል ገንዘብ መክፈል አይመከርም።

በሕክምናው ቀን ጉልበትን በቀላሉ ለመግለጥ የሚያመች ሽርጥ ወይም ሰፊ ድሪያ ይልበሱ። በድሬዳዋ ሙቀት ላብ አይቀርምና ቆዳዎን በንጹሕ ጨርቅ ያድርቁ፤ ቫዝሊንም ሆነ የሕመም ማስታገሻ ቅባት ካለ ይታጠቡት። ጥቁር ቀለም የተቀላቀለበት ሒና ወይም ንቅሳት ብርሃኑን ከላይ ስለሚያስቀረው በዚያ ቦታ ላይ እንዳይሰጥዎ ያሳስቡ። ባለሙያው የመሣሪያውን ጫፍ በአልኮል ጠርጎ፣ ለቆዳው ቀጥ አድርጎ በመያዝና ጫን በማድረግ በመገጣጠሚያው መስመር ላይ ካሉት ነጥቦች አንዱን ከሌላው እያስከተለ ይሠራል። መብራት በመሐል ቢጠፋ፣ ሲመለስ የቀሩት ነጥቦች ብቻ ይሠሩ እንጂ ከመጀመሪያው አይደገም።

ዓይንን በተመለከተ ቸልታ አይፈቀድም። ኢንፍራሬድ ጨረር ስለማይታይ ዓይን ራሱን ለመከላከል አይጨፈንም፤ ስለዚህ በክፍሉ ያለ ሰው ሁሉ፣ አስታማሚም ጭምር፣ ለዚያው የሞገድ ርዝመት የተሠራ መነጽር ማድረግ አለበት። የፀሐይ መነጽር አይተካውም።

የቆዳችን ቀለም ጉዳይ ደግሞ ለእኛ ለብቻው መነገር አለበት። በጠቆረ ቆዳ ውስጥ ያለው ሜላኒን ብርሃኑን ይበልጥ ስለሚወስድ፣ በተለይ ከ500 ሚሊዋት በላይ የሆኑትና በሌዘር የአደገኛነት ደረጃ አራተኛ ክፍል የሚባሉት መሣሪያዎች ቆዳውን ሊያሞቁትና ሊያቃጥሉት ይችላሉ። እንዲህ ያለው መሣሪያ በአንድ ቦታ ሳይቆም መንቀሳቀስ አለበት፤ ሙቀቱ ወደ ማቃጠል ሲሄድም ታካሚው ወዲያው መናገር አለበት። በስኳር ሕመም ምክንያት እግራቸው የደነዘዘ ሰዎች ቃጠሎው ላይሰማቸው ስለሚችል ይህንን አስቀድመው ያሳውቁ።

ካንሰር ባለበት ወይም በሚጠረጠርበት ቦታ፣ በነፍሰ ጡር ሆድ፣ በእንቅርት ዕጢ ላይና ደም በሚፈስበት ስፍራ ሌዘር አይሰጥም። እንደ ዶክሲሳይክሊን ያሉ ቆዳን ለብርሃን ስሱ የሚያደርጉ መድኃኒቶች የሚወስዱ ከሆነም ለባለሙያው ይንገሩ።

ለቁስል ሲሰጥ አሠራሩ ይለያል። መሣሪያው ቁስሉን ሳይነካ ትንሽ ከፍ ብሎ ይያዛል፤ ዙሪያው ያለው ጤነኛ ቆዳም ይሠራል። ሆኖም የስኳር ሕመምተኛን የእግር ቁስል የሚያድነው በቅድሚያ የስኳሩ መጠን መስተካከል፣ የሞተው ሥጋ መጠረግ፣ ቁስሉ ላይ ክብደት አለመጣልና ኢንፌክሽኑን ማከም ነው። ሌዘር በዚህ ላይ የሚጨመር እንጂ የሚተካው አይደለም። እግሩ ከጠቆረ፣ ከሸተተ ወይም ትኩሳት ካለ የሌዘሩን ቀጠሮ ሳይጠብቁ በዚያው ቀን ወደ ሆስፒታል መሄድ ያስፈልጋል።

ለጉልበት ሕክምናው አብዛኛውን ጊዜ በየሁለት ቀኑ ለሦስት ወይም ለአራት ሳምንት ይሰጣል። ሕመሙ ጋብ ሲል የጭን ጡንቻን የሚያጠነክረውን እንቅስቃሴ መሥራት ይገባል፤ ጉልበቱን ለረጅም ጊዜ የሚይዘው ይህ ነው። ከመጀመሪያው ቀን አንሥቶ ሕመሙን ከ0 እስከ 10 በቁጥር ይመዝግቡ፣ ከወንበር ሲነሡ ወይም አቀበት ሲወጡ ምን ያህል እንደሚያስቸግርዎም ይጻፉ። በአራተኛው ሳምንት መጨረሻ ቁጥሩ ካልቀነሰ ተጨማሪ ዙር አይክፈሉ፤ መዝገቡን ይዘው ወደ ሐኪምዎ ይመለሱ።