ትልቅ ፖስተር ከኢንዲዛይን ሲታተም ተቆርጦ ወይ አንሶ ሲወጣ፦ ችግርና መፍትሄ

ኢንዲዛይን የህትመት ገጽ የምንሰራበት የአዶቤ ፕሮግራም ነው። ወረቀትና ቀለም መኖሩን፣ ድራይቨሩ (ኮምፒውተሩን ከፕሪንተሩ የሚያገናኘው ሶፍትዌር) መጫኑን አይታችኋል ብዬ ነው የምጀምረው።

ከፖስተሩ አንድ ጥግ ብቻ ኤ4 ላይ ወጣ? ታይል (ፖስተሩን በብዙ ወረቀት ከፋፍሎ ማተም) አልመረጣችሁም። ፕሪንት ብላችሁ ሴትአፕ ውስጥ ታይል የሚለውን ምረጡ፣ ኦቨርላፑን (ወረቀቶቹ የሚደራረቡበትን) ቢያንስ 10 ሚሊ አድርጉት። ዜሮ ላይ እንዳትተዉት! አብዛኛው ፕሪንተር የወረቀቱ ጠርዝ ላይ 4 ሚሊ ገደማ አያትምም፣ ሁለት ወረቀት ሲገናኝ 8 ሚሊ ነጭ ማለት ነው፣ እሱን ቆርጣችሁ ነው የምትለጥፉት። ኤ1 በስሌት 8 ኤ4 ነው፣ በዚህ ማርጂንና ኦቨርላፕ ግን 12 ወረቀት ይፈጃል።

አሁን ወደ ዋናው። ፖስተሩ ሙሉ ነው፣ ምንም አልተቆረጠም፣ ግን ከታዘዘው መጠን አንሷል። ይሄን ስንቴ እንዳስተካከልኩ ቁጥሩ ጠፍቶኛል። ምክንያቱ ሁሌም አንድ ነው ማለት ይቻላል፦ ኢንዲዛይን ላይ 100% ብላችሁ ታይሉን ፒዲኤፍ አድርጋችሁ ታስቀምጣላችሁ፣ ከዛ ፒዲኤፉን ስታትሙ የከፈታችሁበት ፕሮግራም «ፊት» (Fit፣ በወረቀቱ ልክ አድርግ) የሚለው ላይ ቆሞ ይጠብቃችኋል፣ ገጹን ከማይታተመው ጠርዝ ውስጥ ለማስገባት ሲል ሳይጠይቃችሁ ያሳንሰዋል። የኤ4 ወርድ 210 ሚሊ ነው፣ ከግራና ከቀኝ 4 4 ሲቀነስ 202 ይቀራል፣ 96% ገደማ። ትንሽ ነገር ይመስላል፣ ኤ1 ላይ ግን 841 ሚሊ የነበረው ቁመት 809 ሆኖ ይወጣል።

አንድ ደንበኛ ፍሬሙን አስቀድሞ በልኩ አሰርቶ ፖስተሩ ሲገባ ዙሪያውን ነጭ ታየ፣ ግማሽ ቀን ሙሉ የኢንዲዛይኑን ፋይል ስንፈትሽ ዋልን፣ ፋይሉ ምንም የለበትም። ሌላ ጊዜ ደግሞ 12ቱም ወረቀት በትክክል ወጥቶ አንዷን ቀለም ስለነካት እሷን ብቻ ከሌላ ኮምፒውተር ደገሟት፣ እዛኛው ላይ ፊት በርቷል፣ ወረቀቷ ከጎኗ ካሉት ጋር አልገጥም አለች፣ ፊደሎቹ መሀላቸው ላይ ተሰበሩ። ልጁ እየጎተተ ላስገጥም ሲል የተለጠፉትንም ቀደዳቸው። እባካችሁ አንድ ወረቀት ስትደግሙ ከዛው ማሽን ከዛው ሴቲንግ ድገሙ።

መፍትሄው፦ ኢንዲዛይን ላይ ስኬል 100%፣ ፒዲኤፍ በምትከፍቱበት አክሮባት ላይ «አክቹዋል ሳይዝ» (በትክክለኛ መጠኑ)፣ ከዛ የፕሪንተሩ ድራይቨር ውስጥም ገብታችሁ «ፊት ቱ ፔፐር» የሚለውን አጥፉ። ሶስቱንም! ሁለቱን አጥፍቶ ሶስተኛውን የሚረሳ ሰው ነው ሁሌ ተመልሶ የሚመጣው። ከብራውዘር ላይ ደግሞ በፍጹም አታትሙ።

ወረቀት ከመፍጀታችሁ በፊት አንድ ገጽ ላይ 100 ሚሊ መስመር አግድምና ቁልቁል አስምሩ፣ አትማችሁ በማስመሪያ ለኩት። ሁለቱም 96 ወይ 97 ከሆነ ፊት በርቷል። ከ100 በላይ ከሆነ «ቦርደርለስ» በርቷል፣ እሱ ጠርዙን ለመሸፈን ያሳድገዋል። አንዱ ልክ ሆኖ ሌላው ከተዛባ ግን ችግሩ ሴቲንግ ሳይሆን ወረቀቱን የሚስበው ሮለር ነው። ርካሽ ስስ ወረቀት ሌዘር ውስጥ በሙቀት ይኮማተራል፣ ከአንድ እሽግ ተጠቀሙ፣ ሲቀዘቅዝ ለጥፉ።

ጥላ ያለበት ቦታ ላይ ቀጫጭን ነጭ መስመር ከታየ ፒዲኤፉን በኤክስ-4 (PDF/X-4፣ ጥላውን ሳይቆራርጥ የሚያስቀምጥ የፒዲኤፍ ዓይነት) አውጡት።

ፕሎተሩ (ትልልቅ ወረቀት የሚያትመው ማሽን) መሀል ላይ ከቆመ ፋይሉ ከብዶታል። ኤ0 በ300 ዲፒአይ (በአንድ ኢንች ውስጥ ያሉ ነጥቦች ብዛት) በአራት ቀለም ሲዘረጋ 560 ሜጋባይት ገደማ ነው፣ በ150 ሩቡ ይሆናል፣ ከሩቅ ለሚታይ ፖስተር ይበቃል።

ከ5 ሜትር በላይ ባነር ከሆነ በ1/10 ስሩት፣ ኢንዲዛይን ገጹን ከ548 ሴንቲ በላይ አይወስድም፣ የድሮ ፒዲኤፍ ደግሞ 508 ላይ ያቆማል። 300 ዲፒአይ የነበረው ፎቶ ሲያድግ 30 እንደሚሆን አትርሱ፣ 3 ሴንቲ ብሊድ (ከጠርዙ ውጪ ተርፎ የሚታተም፣ በኋላ የሚቆረጥ) ከፈለጋችሁ ፋይሉ ላይ 3 ሚሊ ነው የምታስገቡት። የፋይሉ ስም ላይ ደግሞ «በ1/10» ብላችሁ ጻፉ፣ ሳይጻፍበት የመጣ የ6 ሜትር ባነር በ60 ሴንቲ ታትሞ ሲወጣ አይቻለሁ።