ሁለት ሰው፣ ሁለት ውሻ፣ አንድ መኪና፦ በበጋ ረጅም ጉዞ እንዴት ይደረጋል?

እኔና ባለቤቴ ረጅም መንገድ ስንወጣ ሁለቱ ውሾቻችን አብረውን ናቸው። ቡቺ ትልቅና ረጋ ያለ ነው። ሚጡ ደግሞ ትንሽ፣ ቀልቀል የምትል፣ መኪና ውስጥ ሆዷ ቶሎ የሚረበሽባት ናት። ከእነሱ ጋር መንገድ ላይ ስንውል አንድ ነገር በደንብ ገብቶናል። በበጋ የጉዞውን ፕሮግራም የሚያወጣው ሙቀቱ ነው። መቼ እንደምትነሱ፣ የት እንደምትቆሙ፣ ማን ገብቶ ምሳ እንደሚበላና ማን ውጭ እንደሚቆይ የሚወስነው እሱ ነው። ይህን ከመነሻው ተቀብላችሁ ካቀዳችሁ ብዙው ነገር ይቀላል።

ከጉዞው በፊት

ወር ያህል ሲቀራችሁ ውሾቹን ወደ እንስሳት ሐኪም ውሰዱ። የእብድ ውሻ በሽታ ክትባታቸው ጊዜው እንዳላለፈ አረጋግጡ። የክትባት ወረቀቱን ያዙ፣ በሁለታችሁም ስልክ ፎቶ አንሱት። የቁንጫና የመዥገር መከላከያም በዚያው ይሰጣቸው።

ድንበር የምትሻገሩ ከሆነ ወርም ላይበቃ ይችላል። ለምሳሌ ወደ አውሮፓ ኅብረት አገሮች የሚገባ ውሻ መጀመሪያ ማይክሮቺፕ፣ ማለትም ከቆዳው ሥር የሚገባ ትንሽ መለያ፣ ይደረግለታል። ከዚያ የእብድ ውሻ ክትባት ይወስዳል። የመጀመሪያው ክትባቱ ከሆነ ቢያንስ 21 ቀን መጠበቅ ግዴታ ነው። ክትባቱ ከቺፑ ከቀደመ አይቆጠርም፣ እንደገና ይከተባል። ከአንዳንድ አገሮች ለሚመጡ ውሾች ደግሞ የደም ምርመራና የወራት ጥበቃ ይጨመራል። ስለዚህ የምትገቡበትን አገር ደንብ ሆቴል ከመያዛችሁ በፊት አንብቡ።

ስለ ማይክሮቺፕ ብዙ ሰው የሚሳሳተው ነገር አለ። ቺፑ ውሻው የት እንዳለ አይናገርም። ባትሪም የለውም። የያዘው ባለ 15 አሃዝ ቁጥር ብቻ ነው። ውሻችሁን ያገኘ ሰው ወደ ሐኪም ወስዶ ሲያስነብበው ቁጥሩ ወደ እናንተ የሚያደርሰው ያስመዘገባችሁት ስልክ ዛሬም የሚሠራ ከሆነ ነው። ከመነሳታችሁ በፊት ይህን አጣሩ። የአንገት ማሰሪያው ላይ ደግሞ የሁለታችሁንም ስልክ አስጽፉ። አንዳችሁ እየነዳችሁ ሊሆን ይችላል።

መኪናውን ማለማመድ

ውሻችሁ መኪና የሚገባው ሐኪም ጋር ሲሄድ ብቻ ከሆነ መኪናን መፍራቱ አይገርምም። ሞተሩ ሳይነሳ በሮቹን ከፍታችሁ እዚያው ውስጥ አብሉት። ሲለምደው ሞተሩን አስነሱ፣ ግን አትሂዱ። ከዚያ ሰፈሩን አንድ ዙር ዙሩ። ከዚያ ግማሽ ሰዓት ነድታችሁ መሮጥ የሚወድበት ቦታ አውርዱት። ይህ ሳምንታት ይወስዳል። የምትጣደፉበት ነገር አይደለም።

የሚያስመልሰው ውሻ ምልክት ይሰጣል። ያዛጋል፣ ከንፈሩን ይልሳል፣ ለሀጩ ይበዛል፣ ዝም ብሎ ወለሉን ያያል። ሚጡ ማዛጋት ስትጀምር ቦታ ፈልገን እናቆማለን። ከመነሳታችሁ በፊት ባለው ሦስትና አራት ሰዓት ምግብ አትስጡ፣ ውሃ ግን አትከልክሉ። ማሮፒታንት የሚባል ለውሻ ማስመለስ የተሠራ መድኃኒት አለ። ሐኪሙ ካዘዘው ከጉዞው ቢያንስ ሁለት ሰዓት በፊት ይሰጣል። የራሳችሁን የጉዞ ኪኒን ቆርሳችሁ እንዳትሰጡ። መጠኑም ከውስጡ ያለውም ለውሻ ላይሆን ይችላል።

የት ይቀመጣሉ?

ከኋላ፣ ታስረው። ደረታቸውንና ጀርባቸውን የሚይዝ ማሰሪያ ይልበሱ፣ እሱም ከመኪናው ቤልት ጋር ይያያዝ። ከአንገት ማሰሪያ ጋር በፍጹም አታያይዙት። ድንገት ፍሬን ሲያዝ ጉዳቱ አንገታቸው ላይ ነው። የፊት ወንበርም አይሆንም፣ ኤርባጉ ለሰው ቁመት ነው የተሠራው። የማጓጓዣ ሳጥን የለመደ ውሻ በሳጥኑ ቢሄድ ጥሩ ነው፤ ሳጥኑም ራሱ ይታሰር።

የኋላ ወንበሩ ላይ የሚዘረጋው ጨርቅ ወንበሩን ከፀጉር ያድናል እንጂ ውሻውን አያድንም። ቀዝቃዛ ምንጣፍ የሚሉትንም ሞክረናል። ውሾቹ ወደዱት፣ ኤሲን ግን አይተካም። ከሁሉም የማልወደው የሚሳበውንና የሚጠቀለለውን ገመድ ነው። ሜዳ ላይ ይሁን። መንገድ ዳር ግን የገመዱን ማቆሚያ ቁልፍ እስክትጫኑ ውሻው አስፋልቱ መሃል ነው። ሁለት ሜትር የማይሞላ ተራ ገመድ ያዙ፣ መለዋወጫም ይኑራችሁ።

የሚሸከፈው ብዙ አይደለም። የለመዱትን ምግብ ለጥቂት ቀን ትርፍ ጨምራችሁ ያዙ፤ መንገድ ላይ ምግብ መቀየር ተቅማጥ ያመጣል። ውሃ ለአንድ ኪሎ ክብደት በቀን ከ50 እስከ 60 ሚሊ ሊትር አስሉ፣ ለሙቀቱ ደግሞ ጨምሩበት። ባለ 20 ኪሎ ውሻ ከአንድ ሊትር በላይ ይፈልጋል ማለት ነው። የምግብና የውሃ ሳህናቸውን ለየብቻ አድርጉት። ቤት ውስጥ የሚስማሙ ውሾች ጠባብ ቦታ ላይ ሲሆኑ በአንድ ሳህን ሊጣሉ ይችላሉ።

የራሳችሁን መክሰስም ፈትሹ። ቸኮሌት፣ ወይን፣ ዘቢብና ሽንኩርት ለውሻ መርዝ ናቸው። ስኳር የሌለው ማስቲካ ውስጥ የሚገባው ዛይሊቶል ደግሞ በትንሹም አደገኛ ነው። ማስቲካውን በሩ ኪስ ውስጥ አትተዉት።

መቆም፦ ከሁሉም ከባዱ

መንዳቱ ቀላል ነው። ኤሲው ይሠራል፣ ውሾቹም ይተኛሉ። ችግሩ የሚመጣው መኪናው ሲቆም ነው።

ውጭ 24 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ነው እንበል። ለእኛ ደስ የሚል አየር ነው። ፀሐይ ላይ የቆመ የተዘጋ መኪና ግን በዚህ አየር ውስጡ በ10 ደቂቃ 34 ዲግሪ አካባቢ ይደርሳል። በግማሽ ሰዓት 43 ይጠጋል። መስኮቱን ትንሽ ዝቅ አድርጎ መተው ይህን እምብዛም አይቀይረውም። ጥላም ፀሐይዋ ስትዞር አብሮ ይሄዳል።

ውሻ እንደ እኛ በመላ ቆዳው አያልብም። የሚያልበው በእግሩ መዳፍ ነው፣ ያም እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። ሙቀቱን የሚያስወጣው በማለክለክ ነው። ማለክለክ የሚጠቅመው ደግሞ የሚያስገባው አየር ቀዝቀዝና ደረቅ ሲል ነው። የጤነኛ ውሻ የሰውነት ሙቀት ከ38 እስከ 39 ዲግሪ ገደማ ነው። የመኪናው አየር ከዚያ ሲያልፍ የራሱም ትንፋሽ እርጥበቱን ይጨምረዋል። ያለከልካል፣ ግን አይበርድለትም። እንደ ፐግና ቡልዶግ ያሉ አፍንጫቸው የተደፈጠጠ ዝርያዎች ይብስባቸዋል። ያረጁና የወፈሩ ውሾችም እንዲሁ።

ስለዚህ ውሻ ብቻውን መኪና ውስጥ አይቀርም። ለአምስት ደቂቃም ቢሆን። አምስት ያላችሁት ሰልፍ ካለ ሃያ ይሆናል። ሞተሩን ሳያጠፉ ኤሲ ከፍቶ መተውንም አልመክርም። ሞተሩ ሊጠፋ ይችላል፣ ውሻም በእግሩ ቁልፍ ይነካል።

ሁለት ሰው መሆን ትልቁ ጥቅሙ እዚህ ላይ ነው። ሲነዳ የነበረው ይቀድማል፤ ሽንት ቤት ይሄዳል፣ ፊቱን ይታጠባል፣ ይበላል። ሌላው ከውሾቹ ጋር ጥላ ስር ይቆያል። ከዚያ ይቀያየራሉ። ባልና ሚስት ሆኖ ተራ በተራ መብላት መጀመሪያ ቅር ያሰኛል። ጉዞ የወጣነው አብረን ለመሆን አይደል? እኛ የፈታነው ምሳችንን ይዘን በመውጣት ነው። አንዳችን ገዝተን እንወጣለን፣ ዛፍ ስር ሆነን አራታችንም አብረን እንበላለን። አሁን ከቡና ቤቱ ወንበር ይልቅ ይሄ ይሻለኛል።

የበሩ ነገር ደግሞ ራሱን የቻለ ጉዳይ ነው። ማደያ ላይ መኪና ከአራቱም አቅጣጫ ይመጣል፣ ሽታው እንግዳ ነው፣ ውሻው ለሰዓታት ተቀምጧል። በር ሲከፈት ቤት ውስጥ የማይንቀሳቀሰው ውሻ እንኳ ይወረወራል። ብዙ ጊዜ የሚያመልጠውም በኋላ በር ሳይሆን ሾፌሩ ሲወርድ በከፈተው በር ነው። ቅደም ተከተሉ እንዲህ ይሁን። ሞተር ይጠፋል፣ በር አይከፈትም። ከጎን የተቀመጠው ዞር ብሎ ሁለቱንም ገመድ ያያይዛል፣ ጫፋቸውን በእጁ ይጠቀልላል። «ያዝኩ» ይላል። ያኔ ብቻ ሾፌሩ ወርዶ ዞሮ የኋላውን በር ይከፍታል። ቤልቱ የሚፈታው መጨረሻ ላይ ነው። ቃሉን ሳትሰሙ በር አትክፈቱ፣ ቢቸኩላችሁም፣ ቢዘንብም። እኛ ዘንድ ይሄ ሕግ ማንም የማይከራከርበት ነው።

ከማውረዳችሁ በፊት የእጃችሁን ጀርባ አስፋልቱ ላይ ለሰባት ሰከንድ አሳርፉ። ካቃጠላችሁ መዳፋቸውንም ያቃጥላል። ሣር ፈልጉ።

በየሁለትና ሦስት ሰዓቱ ቁሙ፣ ሩብ ሰዓት ያህል አንሸራሽሯቸው፣ ውሃ ስጧቸው። ጎህ ሲቀድ ተነሱና ፀሐይ አናት ላይ ከመውጣቷ በፊት የቀኑን ትልቁን መንገድ ጨርሱ።

አንድ ነገር ልጨምር። ከፊት ሆናችሁ ቢበርዳችሁ ከኋላ ሊሞቅ ይችላል። የኤሲው አየር ወደ ኋላ በደንብ ላይደርስ ይችላል፣ በጎን መስኮት የሚገባው ፀሐይም በቀጥታ እነሱ ላይ ነው። ከእናንተ አንዳችሁ አልፎ አልፎ ከኋላ ተቀመጡ። መስኮቱ ላይ መጋረጃ አድርጉ።

ሙቀት ከመታው

ማለክለኩ አልቆም ሲል፣ ለሀጩ ሲወፍር፣ ድዱና ምላሱ ደማቅ ቀይ ሲሆን፣ ሲንገዳገድ፣ ሲያስመልስ አትጠብቁ። ወደ ጥላ አውጡትና መላ ሰውነቱ ላይ ውሃ አፍስሱበት። ከእሱ ሰውነት የሚቀዘቅዝ ማንኛውም ውሃ ይሆናል። አፍና አፍንጫው ውስጥ እንዳይገባ ተጠንቀቁ። አየር እንዲነፍስበት አራግቡ። መጠጣት ከቻለ ይጠጣ፣ በግድ ግን አትጋቱት። እርጥብ ፎጣ ማልበስ ብዙ ሰው የሚያደርገው ነገር ነው፤ ፎጣው ሲሞቅ ግን ሙቀቱን አፍኖ ይይዘዋል። ማቀዝቀዙ ይቀድማል፣ ወደ ሐኪም መንዳት ይከተላል። በመንገድ ላይ ኤሲው እስከ መጨረሻው ይከፈት። የተሻለው ቢመስላችሁም ሐኪም ይየው፣ ኩላሊትና ጉበት ላይ የሚደርሰው ጉዳት ዘግይቶ ሊታይ ይችላል። በምታልፉባቸው ከተሞች ያሉ የእንስሳት ክሊኒኮችን ስልክ አስቀድማችሁ የያዛችሁ ከሆነ ያኔ አትጨናነቁም።

ማደሪያ

ደውሉ። ድረ ገጹ ላይ «ውሻ ይፈቀዳል» የሚለው ብቻውን ዋጋ የለውም። እኛ በዚህ ቃል ቦታ ይዘን ማታ ደክሞን ስንደርስ የሚፈቀደው አንድ ትንሽ ውሻ ብቻ መሆኑን እንግዳ መቀበያው ላይ ሰማን። ቡቺን አይተው አይሆንም አሉን። በጨለማ ሌላ ማደሪያ ፍለጋ ከተማውን ዞርን። አሁን ደውለን ስንት ውሻ፣ ስንት ኪሎ፣ ተጨማሪ ክፍያ አለ ወይ፣ ክፍል ውስጥ ብቻቸውን መቆየት ይችላሉ ወይ ብለን እንጠይቃለን። መልሱን በጽሑፍ እንዲልኩልን እናደርጋለን።

ክፍል ስትገቡ መጀመሪያ አንዳችሁ ብቻችሁን ግቡ። አልጋ ስር የአይጥ መርዝ ወይም የወደቀ ኪኒን እንደሌለ እዩ። የቤታቸውን ምንጣፍ ሳታጥቡ አምጥታችሁ አንጥፉላቸው። የራሳቸው ሽታ ያለበት ነገር ላይ ቶሎ ይተኛሉ።

ሐይቅ ዳር ካደራችሁ ውሃው ላይ እንደ አረንጓዴ ቀለም የፈሰሰ ሽፋን ካለ ውሾቹ አይጠጡ፣ አይዋኙ። አንዳንዱ ውሻን በፍጥነት የሚገድል መርዝ አለው።

ማታ ማታና ቤት ስትመለሱ

ሣር ውስጥ ከዋሉ ማታ መዥገር ፈልጉ። ጆሮ ውስጥ፣ ብብታቸው ስር፣ በጣቶቻቸው መሃል፣ ከአንገት ማሰሪያው ሥር በጣታችሁ ዳብሱ። ካገኛችሁ በቀጭን ወረንጦ ከቆዳው አጠገብ ይዛችሁ ቀጥ አድርጋችሁ ሳቡት። ዘይት አትቀቡት፣ በእሳትም አታቃጥሉት። በቀጣዮቹ ሳምንታት ትኩሳት፣ ማነከስ ወይም ምግብ መተው ካያችሁ ሐኪሙ ጋር ሂዱና በጉዞው የት የት እንደነበራችሁ ንገሩት።