ቦምቦሊኖ ላዩ እያረረ ውስጡ ጥሬ ለሚሆንባችሁ

አዲስ አበባ ሆናችሁ ቦምቦሊኖ ስትጠብሱ ላዩ ወዲያው ጠቁሮ መሃሉ ሊጥ ሆኖ ይቀራል? እኔን ቀናት ፈጅቶብኛል።

መጀመሪያ እርሾ ጨመርኩ። ባሰበት! ሊጡ ቶሎ ተነፋና ዘይት ውስጥ ሲገባ ሟሸሸ። ዱቄት ቀየርኩ፣ ያው ነው። እሳቱን በጣም ስቀንሰው ደግሞ ውስጡ በሰለ፣ ግን ዘይቱን እንደ ስፖንጅ መጦ የሚበላ አልሆነም።

የፈታልኝ የምግብ ቴርሞሜትር ነው። ብዙ የውጭ አሠራሮች ዘይቱን 185 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ አድርጉ ይላሉ። እኛ ጋ ግን ከፍታው 2,300 ሜትር ገደማ ስለሆነ ውሃ በ92 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል፣ ስለዚህ የሊጡ እርጥበት ቶሎ እየተነነ ውስጡ ለመብሰል ይዘገያል፣ ላዩ ግን አይጠብቀውም። ዘይቱን ከ170 እስከ 175 ላይ ያዝኩት፣ አለቀ።

እርሾውንም ሩብ ያህል ቀነስኩ። ስኳር ቶሎ ስለሚያጠቁር ከሊጡ ቀንሼ ከተጠበሰ በኋላ ላዩ ላይ ነሰነስኩት (እንዲያውም እንደዚህ ይጣፍጣል)። መሃሉን መብሳት አትርሱ። ድስቱን አታጨናንቁት፣ ብዙ ከገባበት ዘይቱ ይቀዘቅዛል፤ እንደገና 170 እስኪደርስ ቀጣዩን አትክተቱ።