በትንሽ ብር የድሮ ስቴሪዮ መግዛት፦ ከማርቆስ እስከ ባሕር ዳር

ደብረ ማርቆስ ላይ አንድ ከባድ የጃፓን አምፕሊፋየር (ስፒከሩን የሚያስጮኸው ድምፅ ማጉያ፣ ባጭሩ አምፕ) በርካሽ ገዛሁ። ቤት ወስጄ ሶኬት ላይ ሰካሁት። መብራቱ ቦግ አለ፣ ሆዱ ውስጥ "እምምም" ሲል ሰማሁ፣ ከዚያ ጭስ። ከጀርባው የተለጠፈውን ጽሑፍ ያነበብኩት ከተቃጠለ በኋላ ነው፦ 100 ቮልት። የኛ መብራት ደግሞ 220 ነው። የሚከተለው ምክር የተከፈለበት በዚያ አምፕ ነው።

የት ይፈለግ?

ገበያ መሐል ዝም ብሎ መዞር ብዙ አያስገኝም። ቆራሌው እጅ የገባ ዕቃ ብዙ ጊዜ ገመዱ ተቆርጧል። የተሻሉት ድሮ ካሴት ይቀዱ የነበሩ ሙዚቃ ቤቶች ናቸው። ቡሬም ሂዱ ፍኖተ ሰላም፣ ዳንግላም ሂዱ ባሕር ዳር፣ የከተማውን ትልልቅ ሰዎች "ድሮ ሙዚቃ ቤት የነበረው የቱ ነው?" በሏቸው። ዛሬ ፎቶ ኮፒ ቤት ሆኖ ይሆናል። ባለቤቱን ስለ ቴፑ ስትጠይቁ "ዕቃ ቤት ተቀምጧል" ሊላችሁ ይችላል። የቡና ቤት ዕቃ ከሆነ ግን ጠርጥሩ፤ ለዓመታት እስከ ጥግ ተከፍቶ የጮኸ ስፒከር ነው።

"አንቲክ" የምትለዋን ቃል ብቻ አፋችሁ ላይ አታምጡ። ዋጋው እዚያው እጥፍ ይሆናል።

ምን ይዤ ልሂድ?

ስልክ፣ ስልኩን ከአምፕ ጋር የሚያገናኝ ቀይና ነጭ ገመድ፣ ቴፑ ቢበላው የማይቆጫችሁ አንድ ካሴት፣ ባለ 1.5 ቮልት የባትሪ ድንጋይ ከሁለት ቁራጭ ሽቦ ጋር፣ እና ቢቃጠልም ግድ የማይሰጣችሁ ትንሽ ስፒከር። ካላችሁ ብር ደግሞ ሲሶውን ለጥገና ብላችሁ እቤት ትታችሁ ውጡ።

ከስፒከሩ ጀምሩ

ብራችሁ ትንሽ ከሆነ አብዛኛውን እዚህ ላይ አውሉት። ደህና ስፒከር መናኛ አምፕን ያሳምራል፤ የተገላቢጦሹ አይሠራም። የፊቱን ጨርቅ አንሱና በሚርገበገበው ወረቀት ዙሪያ ያለውን ለስላሳ ቀለበት በጣት ጫፍ ነካ አድርጉ። ላስቲክ ወይም ጨርቅ ከሆነ ዕድሜ አለው። ስፖንጅ ከሆነና ከ20 ዓመት ካለፈው ግን እንደ ድርቆሽ ፍርክስክስ ሊል ይችላል። ባሕር ዳር አንድ አባት ፊት ነካሁትና እጄ ላይ ረገፈ። "ኧረ ልጄ፣ ሰበርከው!" አሉኝ። "አባባ፣ እኔ አይደለሁም፣ ዘመን ነው" ብል ማን ይስማኝ። ስለዚህ አስፈቅዳችሁ ንኩ። ቀለበቱ ይቀየራል፤ እኛ ሰፈር ግን መለዋወጫውን ማግኘት ፈተና ነው። ወይ ዋጋው በደንብ ይውረድ፣ ወይ ተዉት።

ቀጥሎ ድንጋዩን በሁለቱ ሽቦዎች ከስፒከሩ መግቢያ ጋር ለቅጽበት አነካኩ። "ጧ" ብሎ ወረቀቱ ከተንቀሳቀሰ ትልቁ ስፒከር በሕይወት አለ። ዝም ካለ የውስጡ የሽቦ ጥቅልል ተቃጥሏል፣ ወይም የሆነ ቦታ ተበጥሷል። ትንሿ ቀጭን ድምፅ የምታወጣዋ ግን በድንጋይ አትፈተንም። ሙዚቃ ከፍታችሁ ጆሯችሁን አስጠጉላት።

አምፑ

መጀመሪያ ጀርባውን አንብቡ። አንዳንዱ 110ም 220ም ላይ የሚዞር መምረጫ አለው። ለጃፓን አገር ገበያ የተሠራው ብዙ ጊዜ 100 ብቻ ነው፤ እሱ ማውረጃ ትራንስፎርመር ይፈልጋል። የትራንስፎርመሩ አቅም አምፑ ላይ ከተጻፈው ዋት በደንብ ይብለጥ። ይህን ወጪ ዋጋው ላይ ደምሩት።

ስትሞክሩ መጀመሪያ ያንን ትንሽ ስፒከር አገናኙ። የታመመ አምፕ ጥሩ ስፒከር ያቃጥላል። ብዙዎቹ ሲበሩ ከጥቂት ሰከንድ በኋላ "ቀጭ" ይላሉ፤ መከላከያው ሥራውን ሠራ ማለት ነው። የድምፅ መጨመሪያው ሲዞር ከተንኮሻኮሸ አትደንግጡ፤ በማጽጃ ስፕሬይ ብዙ ጊዜ ይድናል። ለክርክር ግን ጥሩ ሰበብ ነው። ድምፁ ዜሮ ላይ ሆኖም "ዝዝዝ" ካለ የውስጡ ካፓሲተሮች (መብራት የሚያጠራቅሙት ዕቃዎች) ደርቀው ሊሆን ስለሚችል ጥገናው ይከብዳል።

አትቸኩሉ። ቡና ከተፈላላችሁ እሰየው። አቦል ላይ ያበራችሁት አምፕ በረካ ላይም ሳይሸት፣ ሳይቆራረጥ ከሠራ ግዙት። ክዳኑን ራሳችሁ አትክፈቱ፤ ከሶኬት ተነቅሎም ካፓሲተሩ ውስጥ የሚጠብቃችሁ መብራት አለ።

ሬዲዮ ያለው ከሆነ ቁጥሮቹን እዩ። የድሮ የጃፓን ኤፍ ኤም ከ76 እስከ 90 ላይ ያበቃል። በሱ ባሕር ዳር 96.9ን አታገኙም።

ቴፕና ሸክላ ማጫወቻ

ቴፕ ከሆነ ካሴታችሁን ክተቱ፤ አጫውቱ፣ ወደፊትና ወደኋላ አጠንጥኑ። ዘፋኙ የሰከረ ከመሰለ ውስጡ ያለው ማዞሪያ ላስቲክ ላልቶ ይሆናል፤ ቀላል ነው። ካሴት የሚበላ ከሆነም ጥፋቱ ከላስቲኩ ወይም የካሴቱን ክር ከምትስበዋ ጎማ ሊሆን ይችላል፤ ጠጋኝ ይየው።

ሸክላ ማጫወቻ ላይ በ33 ፍጥነት ብቻ ሳይሆን በ45ም መሥራቱን አረጋግጡ። በ1960ዎቹ የወጡት ያገራችን ሸክላዎች አብዛኞቹ ትናንሾቹ ባለ 45 ናቸው። ጀርባው ላይ 60 ሄርዝ ብቻ ከተጻፈ ተጠንቀቁ፤ የኛ 50 ነው፣ ትራንስፎርመርም ይህን አይቀይርም። አንዳንዱ ሞተር በዚህ የተነሳ ዝግ ብሎ ይዞራል፣ ድምፁም ይወፍራል። አምፑ ላይ "ፎኖ" የሚል፣ ለሸክላ ማጫወቻ የተሠራ መግቢያ ከሌለ ደግሞ ድምፁ እንደ ትንኝ ሲንሾካሾክ ነው የምትሰሙት።

ስትጭኑት ክንዱን በክር እሰሩት፣ መርፌውን ሸፍኑ፣ የሚዞረውን ሳህን ከተነቀለ ነቅላችሁ ለብቻው በጋቢ ጠቅልሉት። አውቶብሱ ላይ "ጣሪያ ላይ ይጫን" የሚል ረዳት አይጠፋም። የአንድ ሰው ሒሳብ ጨምሩና አጠገባችሁ ወንበር ላይ አስቀምጡት።