የአሮጌ መኪና ባትሪ ቻርጅ አልይዝ ሲል፦ ከመለወጥ በፊት መለካት

ጠዋት ሞተሪኖው (ሞተር ማስነሻው) እያቃሰተ ይነሳል፤ ማታ መንገድ ሲዘጋጋ የፊት መብራቱ ይደክምና ነዳጅ ሲረገጥ ይደምቃል። ብዙ ሰው ወዲያው አዲስ ባትሪ ይገዛል። ባትሪው ለጥቂት ሳምንታት ያገለግልና ችግሩ ይመለሳል፤ ምክንያቱም የተበላሸው ባትሪው ሳይሆን ባትሪውን የሚሞላው መስመር ነበር። ይህን ለመለየት የሚያስፈልገው ርካሽ ቴስተር (የኤሌክትሪክ መለኪያ) እና ትንሽ ትዕግሥት ነው። ቀለበትና ሰዓት ያውልቁ፤ ባትሪ ተቀጣጣይ ጋዝ ስለሚያወጣ አጠገቡ ሲጋራ አይጨስም።

መኪናው ካደረ በኋላ፣ ሞተሩ ሳይነሳ፣ ቴስተሩን በዲሲ 20 ቮልት ላይ አድርገው ባትሪውን ይለኩ። 12.6 ቮልት ገደማ ከሆነ ሙሉ ነው፤ 12.0 ወይም ከዚያ በታች ካሳየ ባዶ ሊባል ይችላል። ባዶ ከሆነ መጀመሪያ በውጭ ቻርጀር ይሙሉት። ባዶ ባትሪ የዲናሞውን (ሞተሩ ሲሠራ ባትሪውን የሚሞላውን ዕቃ) ቮልት ወደ ታች ስለሚጎትተው ቀጥሎ የሚመጣው ልኬት ሁሉ ያሳስታል።

ከዚያ ዓይንና እጅ ይሥሩ። የባትሪው ተርሚናል (ገመዱ ባትሪው ላይ የሚታሰርበት) በእጅ ሲነቀነቅ መዞር የለበትም። ነጭ ወይም አረንጓዴ ዱቄት ካበቀለ ይፍቱት፤ ሲፈታ ኔጋቲቩ ይቀድማል፣ ሲታሰር ኔጋቲቩ መጨረሻ ነው። በሙቅ ውሃና በቤኪንግ ሶዳ አጥበው፣ በሽቦ ብሩሽ ፍቀው፣ አድርቀው መልሰው ይሰሩት። ዲናሞውን የሚያዞረውን ቺንጊያ በረጅሙ ክፍል መሐል ላይ በአውራ ጣት ሲጫኑት አንድ ሴንቲ ሜትር ያህል መርገብ አለበት። ጎኑ ካብለጨለጨ ወይም መብራት ሲበራ ከጮኸ እየተንሸራተተ ነው። አለልክ ማጥበቅም የዲናሞውን ኩሽኔታ ይበላል።

አሁን ሞተሩን ያስነሱና ነዳጅ ትንሽ ሰጥተው እንደገና ባትሪው ላይ ይለኩ። ከ13.8 እስከ 14.5 ጤናማ ነው። መብራቱን፣ የዝናብ መጥረጊያውንና ማራገቢያውን ሲከፍቱ ጥቂት ቢወርድ አያስደነግጥም። ወደ 12 የሚወርድ ከሆነ ግን ቻርጅ የለም ማለት ነው። ከ15 በላይ ከወጣ ሬጉሌተሩ (ቮልቱን የሚቆጣጠረው ክፍል) ተበላሽቷል፤ የባትሪው ውሃ ይተናል፣ አምፖል ይቃጠላል።

ጋራዦች የሚዘሉት ቀጣዩን ልኬት ነው፤ በእኔ እምነት ግን ከሁሉም የሚበልጠው እርሱ ነው። ሞተሩ እየሠራ፣ መብራቱ በርቶ፣ የቴስተሩን አንድ ጫፍ ዲናሞው ላይ ወፍራሙ ሽቦ በታሰረበት ብሎን፣ ሌላውን በባትሪው ፖዘቲቭ ላይ ያድርጉ። ከ0.3 ቮልት በላይ ካሳየ በሽቦው መንገድ ላይ የሚባክን ቮልት አለ። ቀጥሎ ከዲናሞው ገላ እስከ ባትሪው ኔጋቲቭ ይለኩ፤ እዚህ ከ0.2 ማለፍ የለበትም። ዲናሞው 14.2 እያመነጨ ባትሪው 13.2 ብቻ ከደረሰው፣ ዲናሞ መለወጥ ገንዘብ መጣል ነው። አሮጌ መኪና ላይ ብዙ ጊዜ ጥፋተኛው ሞተሩን ከቦዲው የሚያገናኘው የማሳ ገመድ ነው፤ ወይ ዝጓል፣ ወይ ብሎኑ ሥር ቀለም ተቀብቷል፣ ወይ ሞተር ወርዶ ሲመለስ ሳይታሰር ቀርቷል። ማረጋገጫው ቀላል ነው፦ ከባትሪው ኔጋቲቭ ወደ ሞተሩ ብረት በወፍራም ገመድ ያገናኙ፤ ባትሪው ላይ ቮልቱ ከፍ ካለ በሽታው ተገኘ።

ገመዶቹ ደህና ከሆኑ ቁልፉን ከፍተው ሞተሩን ሳያስነሱ ዳሽቦርዱ ላይ ያለውን የባትሪ ምልክት ይመልከቱ። ሊበራ ይገባል። በብዙ አሮጌ መኪኖች ዲናሞውን የሚቀሰቅሰው የመጀመሪያ ጅረት የሚያልፈው በዚያች ትንሽ አምፖል ነው፤ እርሷ ከተቃጠለች ዲናሞው ጨርሶ ላይሞላ ወይም ነዳጅ በኃይል ካልተረገጠ ላይጀምር ይችላል።

ዲናሞው የሚፈታው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። ያኔም ቢሆን ብዙውን ጊዜ ያለቀው ካርቦኑ (በዲናሞው ውስጥ ለሚዞረው ክፍል ጅረት የሚያደርሰው) ወይም ሬጉሌተሩ ነው፤ ሁለቱም ከሙሉ ዲናሞ በጣም ይረክሳሉ። ቴስተሩ በኤሲ ባትሪው ላይ ከግማሽ ቮልት በላይ ካነበበ ዳዮድ (በዲናሞው ውስጥ ኤሲን ወደ ዲሲ የሚለውጠው) ተበላሽቷል። ሞተሩ እየሠራ የባትሪ ገመድ ነቅሎ ዲናሞ የሚፈትን ባለሙያ ቢያጋጥምዎ ያስቁሙት፤ በዚያች ቅጽበት የሚዘለው ቮልት ደህና ዳዮድም ሬዲዮም ያቃጥላል።

ቻርጁ ደህና ሆኖ ባትሪው ሌሊት ብቻ የሚያልቅ ከሆነ የሚፈልጉት ሌላ ነው። ቁልፉን ዘግተው፣ የኔጋቲቩን ገመድ ፈትተው፣ ቴስተሩን በ10 አምፒር ላይ አድርገው በገመዱና በባትሪው ኔጋቲቭ መሐል ያስገቡ። ከ50 ሚሊ አምፒር በላይ ከፈሰሰ ፊውዞቹን አንድ በአንድ እየነቀሉ ፍሰቱ የሚወርድበትን መስመር ይፈልጉ፤ የኋላ ሣጥን መብራት፣ አላርምና በኋላ የተገጠመ ሬዲዮ ቀዳሚ ተጠርጣሪዎች ናቸው። ቴስተሩ በመሐል እንዳለ ሞተሩን ለማስነሳት አይሞክሩ፤ የቴስተሩ ፊውዝ ይቃጠላል።